የማይታየንን ዕጢ ቁረጡ አትበሉን

ግልጽ ደብዳቤ

ለሆስፒታላችን ሥራ አመራር ቦርድ

ጉዳዩ፦ ለሽንት ፊኛ ካንሰር ቀዶ ሕክምና የተጠየቀው የኢንዶስኮፒ መሣሪያ ከግዥ ዕቅድ መሰረዙን ይመለከታል

የተከበራችሁ የቦርዱ ሰብሳቢና አባላት፣

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ በሽንት አካላት ቀዶ ሕክምና ክፍል የምንሠራ ነርሶች ነን። ክፍላችን በዘንድሮው የግዥ ዕቅድ ላይ ካሜራ፣ የብርሃን ምንጭ፣ ስክሪንና ሌንሶች ያሉት ሙሉ የኢንዶስኮፒ መሣሪያ አስይዞ ነበር። መሰረዙን ያወቅነው ከማስታወቂያ ሰሌዳ ነው። ሐኪሞቻችን ምክንያቱን ሲጠይቁ በቃለ ጉባኤ የሰፈረው ተነበበላቸው፤ መሣሪያው ከተለመደው ነጭ ብርሃን የተሻለ ውጤት እንደማያመጣ በእንግሊዝ አገር በተደረገ ጥናት ስለታወቀ ግዥው ለጊዜው አስፈላጊ ሆኖ አልተገኘም ይላል። ሐኪሞቹ እንደገና እንዲታይ በጽሑፍ ጠየቁ። ጥያቄያቸው ጆሮ ዳባ ልበስ ተባለ።

እኛ ዝም ያላልነው መሣሪያውን በየማለዳው የምንገጥመው፣ የምናጸዳውና ሥራ መሀል ሲጠፋ የምንቀሰቅሰው እኛ ስለሆንን ነው። ታካሚው ከማገገሚያ ሲወጣ «ተጠርጎ ወጣልኝ ወይ?» ብሎ የሚጠይቀውም እኛን ነው። ደብዳቤውን ግልጽ ያደረግነው ደግሞ ሆስፒታሉ የሕዝብ ስለሆነና በውስጥ ደብዳቤ መነጋገሩ ስላልሆነልን ነው።

ለማያውቀው አንባቢ ሥራውን ባጭሩ እናስረዳ። በሽንቱ ደም ያየ ሰው ተመርምሮ ፊኛው ውስጥ ዕጢ ሲገኝበት አብዛኛውን ጊዜ ሆዱ አይከፈትም። ከወገቡ በታች ይደነዝዝና በሽንት መውጫው በኩል ሪሴክቶስኮፕ የሚባል ቀጭን መሣሪያ ይገባል። ፊኛው በፈሳሽ ይሞላል። ከዚያ በኋላ ኤሌክትሪክ በሚያልፍበት የሽቦ ቀለበት ዕጢው እየተፋቀ ይወጣል። ሐኪሙ በዚያ ሁሉ ጊዜ ዓይኑን የሚተክለው ታካሚው ላይ ሳይሆን ስክሪኑ ላይ ነው። ስክሪኑ ላይ ያልወጣውን ሊቆርጠው አይችልም።

በዓለም አቀፍ መረጃ መሠረት የፊኛ ካንሰር ከተገኘባቸው ሰዎች ከአራቱ ሦስቱ ያህል በሽታው የፊኛውን ጡንቻ ሳይነካ ይደረስበታል። ወደ እኛ ዘግይተው የሚመጡት እንደሚበዙ በየዕለቱ የምናየው ነው፤ ቢሆንም በጊዜ የደረሱት ፊኛቸውን ይዘው መኖራቸው በዚህ ፍቆ የማውጣት ሥራ ጥራት ላይ የተንጠለጠለ ነው። በሽታው ተመላላሽ ስለሆነ ታካሚው ለዓመታት በሲስቶስኮፒ፣ ማለትም ፊኛን በካሜራ ገብቶ በማየት ምርመራ፣ ይታያል። ነገር ግን «ተመለሰ» ተብሎ ከሚመዘገበው ውስጥ ቀላል የማይባለው ክፍል ጭራሹን አልሄደም ነበር። ሥሩ የቀረ፣ ወይም ከተቆረጠው ጎን ተቀምጦ ሳለ ያልታየ ዕጢ ነው። ካንሰሩ ከውስጠኛው ሽፋን አልፎ ከሥሩ ወዳለው ስስ ክፍል ሲዘልቅ፣ የአውሮፓ የዩሮሎጂ ማኅበር መመሪያ ከ2 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና እንዲደረግ የሚመክረውም በሠለጠነ እጅና በጥሩ መሣሪያ እንኳ ትርፍ ስለሚቀር ነው። የእኛን መሣሪያ እንግዲህ ከዚህ አንጻር ተመልከቱት።

የመጀመሪያው ቅሬታችን ብርሃኑ ነው። ቃለ ጉባኤው «የተለመደው ነጭ ብርሃን» ይላል። የቦርዱ አባላት አንድ ማለዳ ወደ ክፍላችን ብትመጡ የምናሳያችሁ ይህን ነው። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ካሜራውን ጋዝ በምንለው ንጹሕ ነጭ የቁስል ጨርቅ ፊት ይዘን ቀለሙን እናስተካክላለን። ጋዙ ስክሪኑ ላይ ሻይ የነካው ይመስል ቢጫ ሆኖ ይቀራል። ቁልፉን ደጋግመን እንጫነዋለን፤ ያው ነው። የብርሃን ገመዱን ነቅለን አንዱን ጫፍ ወደ መስኮቱ፣ ሌላውን ወደ ዓይናችን ስናዞረው ጥቁር ነጠብጣብ ይታየናል። እያንዳንዱ ነጠብጣብ የተሰበረ የመስታወት ክር ነው፤ በእርሱ በኩል ብርሃን አያልፍም። ገመዱ ለዓመታት ሲጠቀለል፣ ሲታጠፍና ሲወድቅ ስለኖረ ጥቁሩ ከብሩሁ ሊበልጥ ምንም አልቀረው። እንደ እኛ ያለው የዜኖን አምፖል አብዛኛውን ጊዜ 500 ሰዓት ያህል ሠርቶ ይቀየራል። የእኛው ቆጣሪ ያንን ካለፈ ቆይቷል፤ ማሽኑ በበራ ቁጥር የሚያወጣውን ማስጠንቀቂያ እየተጫኑ ማጥፋት ከማለዳ ሥራችን አንዱ ሆኗል።

ይህን የምናነሳው ስለ ዕቃ ለማማረር አይደለም። ፊኛ ውስጥ የሚሠራው ሥራ ቀለም መለየት ይጠይቃል። ጤናማው ሽፋን ፈዛዛ ሮዝ ነው፤ ቀጫጭን የደም ሥሮቹ ተለይተው ይታያሉ። እንደ አበባ ጎመን ቆሞ የሚበቅለውን ዕጢ ደካማ ካሜራም አይስተውም። ጠፍጣፋው ካንሰር ግን ብዙ ጊዜ ከትንሽ መቅላት በቀር ምልክት የለውም። ሮዝን ከቀይ በማይለይ ካሜራ መቅላት እንድንፈልግ ተፈርዶብናል። ትንሽ ደም ሲፈስ ደግሞ ፈሳሹ ይቀላል፤ የተረፈውንም ብርሃን ደሙ ይውጠዋል። ሐኪሙ «ብርሃን ጨምሩልኝ» ይላል። የምንጨምረው የለንም፤ ማዞሪያው ከመጀመሪያውም መጨረሻው ላይ ነው።

ሁለተኛው ሌንስ ነው። የ30 ዲግሪ ሌንስ ለመቁረጥ ያገለግላል። የፊኛውን ፊተኛ ግድግዳና በአንገቱ ዙሪያ ያለውን ቦታ በሚገባ ለማየት ግን የ70 ዲግሪ ሌንስ ያስፈልጋል። የእኛው ከተሰበረ በኋላ አልተተካም። ሐኪሙ መሣሪያውን እያዞረ ሲታገል ከእኛ አንዷ ከእምብርት በታች ሆድ ላይ በመዳፏ ትጫናለች፤ የማይታየው ግድግዳ ወደ ሌንሱ ዝቅ እንዲል ነው። ፊኛው አናት ላይ የምትሰበሰበውን የአየር አረፋ ለማሸሽም ይኸው መጫን ነው ያለን። መጫኑ በየትኛውም አገር የሚደረግ ነው፤ የሌንስ ምትክ የሆነው ግን እኛ ጋ ነው።

የአንድ ከባድ መኪና አሽከርካሪ ጉዳይ ይህን ያሳያል። ለረጅም ጊዜ ሲጋራ ያጨሱ ሰው ነበሩ፤ ሲጋራ ደግሞ ለፊኛ ካንሰር ቀዳሚው መንስኤ ነው። ጎን ግድግዳቸው ላይ የነበረው ዕጢ በሚገባ ወጣ። ሌላ ዕጢ እንዳልታየ ተጻፈ፤ በእርግጥም አልታየም። ከወራት በኋላ ደም ሲያዩ ዘመድ አዋጥቶ የተሻለ መሣሪያ ወዳለበት ሌላ ቦታ ወሰዳቸው። ከፊኛው አንገት ከፍ ብሎ፣ ፊተኛው ግድግዳ ላይ፣ ሁለተኛ ዕጢ ተገኘ። የመጠኑን መግለጫ ያነበበ ማንም የሕክምና ባለሙያ በእነዚያ ወራት ብቻ የበቀለ ነው አይልም። ልጃቸው ወረቀቱን ይዞ መጥቶ ፊታችን ዘረጋው። ሐኪሙ ምን ይበለው? ያንን ቦታ የሚያይበት ሌንስ አልተሰጠውም። አዲስ ሌንስ ለመግዛት የቀረበው ጥያቄ «ከሙሉ መሣሪያው ጋር አብሮ ይታያል» ተብሎ ተመለሰ፤ ከዚያም ሙሉ መሣሪያው ተሰረዘ። በዚህ መንገድ ትንሹም ትልቁም አብረው ቀሩ።

ሦስተኛው ጠፍጣፋው ካንሰር ነው፤ በሙያው ስሙ ካርሲኖማ ኢን ሲቱ። ከፍ ብሎ አይበቅልም፤ ሽፋኑ ላይ ተነጥፎ ይቀመጣል። ጠባዩ ግን ክፉ ነው፤ ካልታከመ ወደ ጡንቻ የመዝለቅ ዕድሉ ከፍተኛ ነው። በጊዜ ከተገኘ የሳንባ ነቀርሳ ክትባት በሆነውና ፊኛ ውስጥ በሚሰጥ ቢሲጂ ይታከማል፤ ይህ ሕክምና ከ1976 ጀምሮ የሚታወቅ ነው። ካልታየ ናሙና አይወሰድም፤ ናሙና ካልተወሰደም ሕክምናው አይታዘዝም።

አንዲት እናት ሽንታቸውን እያቃጠላቸውና ቶሎ ቶሎ እያስቸኮላቸው በየጤና ጣቢያው ሲንከራተቱ ኖሩ። ሴቶች ላይ ይህ የተለመደ ነው፤ በሽንታቸው ደም ቢታይም ኢንፌክሽን ነው ይባላል፣ ፀረ ተሕዋስያን ይሰጣቸዋል፣ ጊዜው ይሄዳል። እኛ ጋ ደርሰው ሲስቶስኮፒ ሲሠራላቸው በስክሪኑ ላይ የታየው በጠቅላላው ቀላ ያለ ፊኛ ነበር። በዚያ ካሜራ ሁሉም ፊኛ ቀላ ያለ ነው። መቆጣት ነው ተብሎ መድኃኒት ታዘዘላቸው። ሁለተኛ ሲመጡ ካንሰሩ ጡንቻ ውስጥ ገብቶ ነበር። ፊኛቸው ወጣ። ዛሬ ሽንታቸው የሚጠራቀመው ሆዳቸው ላይ በሚለጠፍ ከረጢት ነው። ከረጢቱ ከገበያ ሲጠፋ ጨርቅና ላስቲክ እየደረቡ እንደሚያድሩ ነግረውናል። በመጀመሪያው ቀን ጥሩ ካሜራ ቢኖር ኖሮ በእርግጠኝነት ይተርፉ ነበር አንልም፤ ያንን ማንም ሊያውቅ አይችልም። የመታየት ዕድል እንዳልተሰጣቸው ግን እናውቃለን።

አሁን ወደ እንግሊዙ ጥናት እንምጣ፤ ቦርዱ የተደገፈው እርሱን ነውና። ጥናቱን አንብበነዋል። ፎቶ በሚል አጭር ስም የሚታወቅ ሲሆን በ2022 ታትሟል። በ22 የብሪታንያ ሆስፒታሎች 538 ሰዎች ተሳትፈውበታል። ከፊሎቹ በሰማያዊ ብርሃን፣ ከፊሎቹ በነጭ ብርሃን ታክመው በሦስት ዓመት ውስጥ ካንሰሩ ዳግም የታየባቸው ተቆጠሩ። በሰማያዊው ከ209 ሰዎች በ86ቱ፣ በነጩ ከ217 ሰዎች በ84ቱ ታየ። ልዩነት የለም ማለት ይቻላል፤ ወጪውንም አያካክስም ተብሏል። በዚህ ላይ ከቦርዱ ጋር ክርክር የለንም።

ክርክራችን ሌላ ነው። የተከበራችሁ አባላት፣ ክፍላችን ሰማያዊ ብርሃን አልጠየቀም። የጠየቀው ናሮ ባንድ ነው። ሁለቱ የተለያዩ መሣሪያዎች ናቸው። ለሰማያዊው ብርሃን ሄክሳሚኖሌቩሊኔት የተባለ መድኃኒት ከቀዶ ሕክምናው በፊት በካቴተር ፊኛ ውስጥ ይጨመርና አንድ ሰዓት ያህል ይቆያል፤ ካንሰሩ ያለበት ቦታ በሰማያዊ ብርሃን ሲታይ ቀላ ብሎ ያበራል። መድኃኒቱ ለእያንዳንዱ ታካሚ በየጊዜው መገዛት አለበት። ናሮ ባንድ መድኃኒት የለውም። ካሜራው ላይ ያለው ቁልፍ ሲጫን ብርሃኑ በሁለት ጠባብ የሞገድ ክልሎች ብቻ ይወሰናል፤ አንዱ 415፣ ሌላው 540 ናኖ ሜትር አካባቢ ነው። እነዚህን ሁለቱን ደምን የሚያቀላው ሄሞግሎቢን አጥብቆ ይውጣቸዋል። ስለዚህ ከላይ ያሉት ጥቃቅን የደም ሥሮች ቡናማ፣ ጠለቅ ያሉት አረንጓዴ ሆነው ይወጣሉ። ዕጢ የራሱን የደም ሥር ስለሚያበዛ ከሌላው ሽፋን ጠቆር ብሎ ይለያል። ሐኪሙ መጀመሪያ በነጩ ያያል፣ ቁልፉን ይጫናል፣ እንደገና ዞሮ ያያል። ተጨማሪው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው፤ በየታካሚው የሚጨመር ሂሳብ የለም።

የአንዱን መሣሪያ ጥናት ይዞ ሌላውን መሰረዝ እንዴት እንደተቻለ እስካሁን አልገባንም። ቦርዱ ጥናት ማገላበጡ መልካም ነው፤ አርእስቱ ላይ ባይቆም ኖሮ ደግሞ የበለጠ መልካም ነበር።

ሁለተኛውም ነጥብ ቀላል አይደለም። በዚያ ጥናት ውስጥ «ነጭ ብርሃን» የተባለው በሥርዓት የሚጠገን ካሜራ፣ ያልተሰባበረ ገመድ፣ ሁሉም ሌንስ ያለበት ክፍል ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚሰጠውም ሕክምናና ክትትል በአገሪቱ መደበኛ አሠራር የሚሄድ ነበር። እነርሱ ያገኙት ውጤት «በደንብ የሚያይ ሰው ላይ ተጨማሪ መሣሪያ ብዙም አልጨመረለትም» የሚል ነው። ከዚህ ተነስቶ በደንብ ለማያየው ምንም አያስፈልገውም ማለት ጥናቱ ያላለው ነው።

ስለ ናሮ ባንድም ቢሆን ተአምር አንሰብክም። በ2016 ውጤቱ በታተመውና 965 ታካሚዎች በተሳተፉበት ዓለም አቀፍ ጥናት፣ በ12 ወር ውስጥ ካንሰሩ ዳግም የታየባቸው በነጭ ብርሃን 27.1 በመቶ፣ በናሮ ባንድ 25.4 በመቶ ነበሩ። ጠቅላላው ልዩነት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የመመለስ አደጋቸው ዝቅተኛ በሆነ ታካሚዎች ላይ ግን 27.3 በመቶ የነበረው ወደ 5.6 በመቶ ወርዷል። እነዚህ ደግሞ አንድ ጊዜ በደንብ ከተጠረጉ ወደ ቤታቸው ሄደው ሥራቸውን ሊሠሩ የሚችሉ ሰዎች ናቸው። ስለ ጠፍጣፋው ካንሰር ከተነሳ ለሰማያዊ ብርሃንም ፍትሐዊ እንሁን፤ በ2013 የወጣ የበርካታ ጥናቶች ጥምር ትንተና እንዳሳየው ይህ ዓይነት ካንሰር ከተገኘባቸው ሰዎች 26.7 በመቶ የሚሆኑት የተገኙት በሰማያዊው ብርሃን ብቻ ነበር። ከአራቱ ከአንዱ በላይ ማለት ነው። ለወደፊቱ በሪፈራል ደረጃ አንድ ቦታ እንኳ ቢኖር እንወዳለን፤ ዛሬ ግን አንጠይቅም።

ደካማ ጎኑንም አንደብቅም። ናሮ ባንድ ደም በበዛበት ፈሳሽ ውስጥ ይጨልማል፤ ስለዚህ መታየት ያለበት መቁረጥ ከመጀመሩ በፊትና ደሙ ከቆመ በኋላ ነው። በቅርቡ ቢሲጂ የወሰደ ወይም የተቆጣ ፊኛ ያሳስታል። ከመካከለኛውና ከታችኛው አዋሽ፣ ከዋቢ ሸበሌ ሸለቆ ወይም ከኩርሙክ አካባቢ የሚመጡ የሽንት ቢልሃርዝያ ያለባቸው ታካሚዎች ፊኛ በራሱ የተቆጣና ጠባሳ የበዛበት ስለሆነ አጠራጣሪው ቦታ ይበዛል፤ ያኔ ሐኪሙ ብዙ ናሙና መውሰድ ግድ ይሆንበታል። ይህ ሥልጠና የሚፈልግ ነገር ነው። ሥልጠና ያስፈልገዋል ተብሎ የተሰረዘ ዕቃ ግን በሆስፒታላችን ታሪክ አናውቅም።

ስለ ገንዘብ እንነጋገር ከተባለም ደስ ይለናል። ከቀዶ ሕክምና ክፍላችን ናሙና በማይክሮስኮፕ ወደሚመረመርበት የፓቶሎጂ ክፍል የሚላኩ ናሙናዎች ውጤት ሲመለስ «በናሙናው ውስጥ ጡንቻ አልተገኘም» የሚል ቃል ስናነብ እንደነግጣለን። ጡንቻ ከሌለ ካንሰሩ ምን ያህል እንደጠለቀ መናገር አይቻልም፤ አደገኛ የሆነው ዓይነት ከሆነ ሰውየው እንደገና ይደነዝዛል፣ እንደገና ይፋቃል። ሐኪሙ ፊኛውን እንዳይበሳ የሚፈራው የዕጢውን ሥርና የጡንቻውን ክሮች ለይቶ ስለማያይ ነው። በማያይበት ቦታ ደፍሮ ባይቆርጥ አንፈርድበትም። አንድ ከሩቅ ገጠር የመጡ አርሶ አደር ለመጀመሪያው ጉዞ በሬ ሸጠዋል፤ ለሁለተኛው ቀጠሮ ሲነገራቸው «ሌላው ብቻውን አያርስም» ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ግን ለእኛ አልጣመንም። ሁለተኛው ቀዶ ሕክምና አልጋ ይይዛል፣ ማደንዘዣ ይጨርሳል፣ ወረፋ ላይ ያለውን ሌላ ሰው ወደ ኋላ ይገፋል። ቦርዱ የመሣሪያውን ዋጋ ሲያሰላ ይህን ውኃ ቅዳ ውኃ መልስ በየትኛው አምድ ላይ እንደጻፈው ማወቅ እንፈልጋለን።

በዚያው በጀት ዓመት ለእንግዳ መቀበያው ትልልቅ ስክሪኖች ተገዝተዋል። ቀለማቸው ድንቅ ነው።

አንድ ነገር ጨምረን ወደ ጥያቄያችን እንሄዳለን። መጋዘን ውስጥ በእርዳታ የመጣ ካሜራ አለ፤ ማገናኛው ከእኛ ሌንሶች ጋር አይገጥምም። ከመምጣቱ በፊት የጠየቀን ሰው ቢኖር በአንድ ደቂቃ እንነግረው ነበር። የዕቃ መግለጫ ሲዘጋጅ የሚጠቀምበት ነርስ፣ የሚጠግነው የባዮሜዲካል ባለሙያና የሚቆርጥበት ሐኪም አብረው ካልተቀመጡ፣ በዝቅተኛ ዋጋ ያሸነፈው ዕቃ የሚገባው ወደዚያው መጋዘን ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው።

ከሁሉ በፊት፣ የሚቀጥለውን በጀት ዓመት ሳትጠብቁ፣ ያለው ነጭ ብርሃን ነጭ እንዲሆን አድርጉልን። አምፖል፣ ሁለት የብርሃን ገመድ፣ የ30 እና የ70 ዲግሪ ሌንስ፣ የካሜራው ጥገና። ይህ ከሙሉ መሣሪያው ጋር «አብሮ ይታያል» እንዳይባል እንማጸናለን።

የተሰረዘው የግዥ መስመር ወደ ዕቅዱ ይመለስ። መግለጫው የአንድ አምራች ስም አይጠቅስ፤ ናሮ ባንድ የኦሊምፐስ ቢሆንም ሌሎችም የደም ሥርን አጉልቶ የሚያሳይ የየራሳቸው አሠራር አላቸው። መለዋወጫ፣ የጥገና ውልና ለሐኪምም ለነርስም የሚሆን ሥልጠና በዋጋው ውስጥ ይካተት። መግለጫውን የሚያዘጋጀው ቡድን ውስጥ ከእኛ አንድ ሰው ይኑር።

ጥሩ ማየት ብቻውን አይበቃም። የመመለስ አደጋቸው ዝቅተኛና መካከለኛ ለሆነ ታካሚዎች ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ ፊኛ ውስጥ የሚሰጠው አንድ ጊዜ ኬሞቴራፒ፣ ማይቶማይሲን ወይም ጄምሲታቢን፣ ታካሚው ወደ ጠረጴዛው ከመውጣቱ በፊት በፋርማሲ መኖሩ ይረጋገጥ። ዛሬ የታካሚው ቤተሰብ ከተማውን ሲያስስ ሰዓቱ ያልፋል።

እያንዳንዱ ቀዶ ሕክምና የፊኛው ሥዕል ያለበት ቅጽ ይኑረው፤ ዕጢው የት እንደነበረ፣ ስንት እንደነበረ፣ የትኛው ግድግዳ ሳይታይ እንደቀረ ይጻፍበት። የፓቶሎጂ ውጤት ጡንቻ መኖር አለመኖሩን ሁልጊዜ ይግለጽ። በየሩብ ዓመቱ ሁለቱ ጎን ለጎን ይታዩ። ይህ ወረቀትና ፈቃድ ብቻ ነው የሚጠይቀው።

በመጨረሻም፣ ከአሽከርካሪው ልጅ ጋር ፊት ለፊት የተቀመጥነው እኛ ስለሆንን፣ የቦርዱ መልስ በጽሑፍ እንዲሰጠንና የስረዛው ቃለ ጉባኤ እንደገና እንዲታይ እንጠይቃለን። ጥያቄው ውድቅ የሚሆን ከሆነ ምክንያቱ የጠየቅነውን መሣሪያ የሚመለከት ይሁን።

የዕቃዎቹን ዝርዝር ከባዮሜዲካል ክፍሉ ጋር አዘጋጅተን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ለጽሕፈት ቤታችሁ አስገብተናል። የቦርዱ አባላት በማንኛውም የቀዶ ሕክምና ቀን ማለዳ መጥተው ጋዙን በስክሪኑ ላይ እንዲያዩ ልብስና ጭንብል አዘጋጅተን እንጠብቃለን።

ከሰላምታ ጋር

የሽንት አካላት ቀዶ ሕክምና ክፍል ነርሶች

ግልባጭ፦
ለግዥና ንብረት አስተዳደር ክፍል
ለባዮሜዲካል ምሕንድስና ክፍል
ለፋርማሲና ለፓቶሎጂ ክፍሎች
ለሽንት አካላት ቀዶ ሕክምና ክፍል ሐኪሞች